ደብዳቤውና ከፋዩ

ስለ ውጭ አገር ትምህርት በየቤቱ ይወራል። ወሬው ግን ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ማን ቪዛ አገኘ፣ ማን ተከለከለ፣ ማን ሄደ። የሚከተለው ምልልስ ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የተጻፈ ነው። አንደኛው ተናጋሪ በጡረታ ላይ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ሌላዋ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ ለማስተርስ የምታመለክት ወጣት። ሁለቱም በጸሐፊው የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚከራከሩበት ጉዳይ ግን የብዙ ቤት ጉዳይ ነው።

አመልካቿ፦ ጋሼ፣ ከእንግሊዝና ከካናዳ የቅበላ ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ የጀርመኑም ሳይመጣ አይቀርም። ቤተሰብ ሁሉ ደስ ብሎታል። "ዋናውን አልፈሽዋል፤ የቀረሽ ገንዘብ ብቻ ነው" ይሉኛል። እርስዎ ግን "እንኳን ደስ አለሽ" ካሉኝ በኋላ መጀመሪያ ያነሱት "ማን ይከፍላል?" የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት? መጀመሪያ ችሎታዬ ይመዘን፤ ከተቀበሉኝ በኋላ ገንዘቡ ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

መምህሩ፦ የምከራከረው ከዚያ ቅደም ተከተል ጋር ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ ቅበላ፣ ከዚያ ገንዘብ፣ በመጨረሻ ቪዛ የሚለው መንገድ ለለንደን ወይም ለቶሮንቶ ልጅ ይሠራ ይሆናል። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ ወይም ከጎንደር ለሚያመለክት ግን የተገለበጠ ነው፤ መጀመር ያለበት ከከፋዩ ነው። ነጋዴ ዕቃ ሲያፈላልግ ፕሮፎርማ ይሰበስባል። የዕቃው ዝርዝር፣ ዋጋውና ዋጋው የሚጸናበት ቀን ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይሰጠዋል። ያንን ወረቀት ይዞ "ዕቃውን ገዛሁ" የሚል ነጋዴ ግን አይቼ አላውቅም። ገንዘብ ያልተያያዘበት የቅበላ ደብዳቤም ፕሮፎርማ ነው። ይህን የምልሽ ደስታሽን ለማደብዘዝ አይደለም። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ዓመታዊ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ቦታው እንዲያዝልሽ አስቀድሞ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ ካልከፈልሽ ቦታው እንደሚያልፍሽ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

አመልካቿ፦ ፕሮፎርማ እኮ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። እኔን የተቀበሉኝ ትራንስክሪፕቴን አይተው፣ የመምህራኖቼን የድጋፍ ደብዳቤ አንብበው፣ ሌላ አመልካች ጥለው ነው። ይህን ከዋጋ ማቅረቢያ ጋር ማመሳሰል ልፋቴን ማሳነስ አይሆንም?

መምህሩ፦ አንድ ነገር አምንልሻለሁ፤ ደብዳቤው ትምህርቱን እንደምትወጪው ይመሰክራል፤ ያም ቀላል ነገር አይደለም። የማይመሰክረው ዩኒቨርሲቲው አንቺን ለማስተማር ከኪሱ እንደሚያወጣ ነው። ለምን እንደሚቀበሉ ለማወቅ ደግሞ የገቢያቸውን ምንጭ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ የአገሩ ተወላጅ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚከፍለው በመንግሥት የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በ9,250 ፓውንድ ላይ ቆመ፤ ኑሮው እየተወደደ እሱ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ቆይቶ በ2025 ነው ወደ 9,535 ከፍ ያለው። ከውጭ በሚመጣ ተማሪ ክፍያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም፤ ስለዚህ ጉድለቱ የሚሞላው ከእሱ ነው። ካናዳም ብትሄጂ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የኦንታሪዮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሬውን ተማሪ ክፍያ በ10 በመቶ ቀንሶ ባለበት እንዲቆም አደረገ። ኮሌጆቹ ፊታቸውን ወደ ውጭ ተማሪ አዞሩ። ተማሪው በዝቶ የቤት ኪራይ አስወደደ የሚል ጩኸት ሲበረታ፣ የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መባቻ በቁጥሩ ላይ ገደብ ጣለ፤ አመልካቹ ለኑሮ እንዲያሳይ የሚጠየቀውንም ገንዘብ ከ10,000 ወደ 20,635 የካናዳ ዶላር አሳደገ። ይኸም የትምህርት ክፍያውን ሳይጨምር ነው። ጎበዝ ተማሪ ይፈልጋሉ፤ ሐሰት አይደለም። የሚፈልጉት ግን ከነክፍያው ነው።

አመልካቿ፦ እንግዲያው አገር ሁሉ "ተቀበሏት" ሲባል "ሄደች" ብሎ የሚሰማው ለምንድን ነው? ሁላችንም ተሳስተናል ማለት ነው?

መምህሩ፦ ልማዱ ከታሪካችን የመጣ ይመስለኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥዕል ሊማር ጣሊያን የሄደው በምኒልክ ተልኮ ነው። መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ሄዶ፣ ኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠናው የራስ ተፈሪ ተልዕኮ ሆኖ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቪየት ኅብረት፣ የምሥራቅ ጀርመን፣ የኩባ ዕድል በመንግሥት በኩል ይደለደል ነበር። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ "ተመረጠ" እና "ተከፈለለት" አንድ ነገር ነበሩ፤ ተማሪው ዋጋውን አያየውም፤ ዋጋውን የሚያውቀው ላኪው ነው። ዛሬ መራጩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆነዋል። እኛ ግን አሁንም የመራጩን ድምፅ ስንሰማ ከፋዩም አብሮ የተናገረ ይመስለናል። ለዚህ ነው ቅበላ ሲመጣ ድግስ የሚደገሰው፤ የገንዘቡ ነገር ሲነሳ ደግሞ ዋሽንግተን ላሉ አክስትና አጎት ስልክ የሚደወለው።

አመልካቿ፦ ዞሮ ዞሮ የሚወስነው ኤምባሲው ነው። ቆንስሉ ፊት የሚቆጠረው አነጋገር፣ ልበ ሙሉነት፣ የዕለቱም ዕድል ነው ሲባል እሰማለሁ። ገንዘቡን ከመጀመሪያው ማስላት እዚያ ላይ ምን ይጠቅመኛል?

መምህሩ፦ ዕድል የለበትም አልልሽም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀውን እንይ፤ አሜሪካን ለምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ "214 ቢ" እየተባለ የሚጠራው አንቀጹ የተማሪ ቪዛ ጠያቂን ሁሉ፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር የመጣ ነው ብሎ ይገምታል። የማስረዳቱ ሸክም ባንቺ ላይ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው። በቅርብ ዓመታት ከአፍሪካ ለተማሪ ቪዛ ካመለከቱት ከግማሽ በላይ ተከልክለዋል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ማጣሪያ አለ። አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ዩኒቨርሲቲው የሚጽፍልሽ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ካየ በኋላ ነው፤ ያለ እሱ ቅጽ ኤምባሲው በር አትደርሺም። በቅጹ ላይ ወጪው በአንድ በኩል፣ የገንዘቡ ምንጭ በሌላ በኩል ይጻፋል። ከፋዩ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሲሆን ቆንስሉ "ማን ይከፍላል?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። ከፋዩ ሹፌር አጎት ሲሆን ግን ጥያቄው ይቀጥላል፤ ስንት ልጆች አሉት፣ ደመወዙ ስንት ነው፣ ለምን ላንቺ ይከፍላል። ሙሉ ገንዘብ ይዘው የተከለከሉ አሉ፤ ዋስትና ነው አላልኩም። ግን ሳይቀበሉሽ ቢቀሩም የማይመለስ 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) እና 185 ዶላር የቪዛ ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት የትኛው ጥያቄ እንደሚጠብቅሽ ማወቅ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ተደርጓል። ለእረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ ብለሽ ብትመጪ ወረፋው እንደ አዲስ ይጀምራል ማለት ነው። ይኸም ወጪ ነው፤ በማንም ፕሮፎርማ ላይ ግን አይጻፍም።

አመልካቿ፦ ስለ ጀርመንስ? እዚያ ትምህርት በነጻ ነው ይባላል። የሚከፈል ከሌለ ከፋይ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል?

መምህሩ፦ ነጻ የሆነው ማስተማሩ ነው፤ መኖሩ አይደለም። በአብዛኛው የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለም፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣውን ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ወዲህ ማስከፈል ጀምሯል። ዋናው ግን ቪዛው ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ አመልካቹ በዝግ የባንክ ሒሳብ ውስጥ 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ወደ ብር ስትመልሺው ከአንድ ሚሊዮን እጅግ ያልፋል። ሒሳቡ ለምን እንደተዘጋ ልብ በዪ። በእኛ አገር "ባላንስ ማሳየት" የሚባል ሥራ አለ፤ ደላላው ለጥቂት ሳምንት ገንዘብ ያስገባልሻል፣ ስቴትመንቱ ይታተማል፣ ገንዘቡ ይወጣል። ዝግ ሒሳብ ይህን ያስቀራል፤ ገንዘቡ ከሌለሽ በየወሩ የሚወጣልሽ የለም። በጀርመን የሚኖር ዘመድ በሕግ ፊት ግዴታ ሊገባልሽ ይችላል፤ ወይም ዳድ (DAAD) ከሚባለው የጀርመን ተቋም የሚገኝ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ሒሳቡን ይተካል። ሁለቱም ቢሆኑ ከፋይ ናቸው።

ደግሞ "ነጻ አገር" የሚለው ወሬ ቶሎ ያረጃል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ከአውሮፓ ውጪ የሚመጣውን ተማሪ ማስከፈል ጀመሩ። ስዊድን በጀመረችበት ዓመት ከአውሮፓ ውጪ የገባው አዲስ ተማሪ ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሰ። ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ዓለም እንዲያ የሚያህል ጎበዝ አላጣችም፤ የጠፋው ከፋዩ ነው። ለክርክሬ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። ሆኖም ዛሬም "ኖርዌይ ነጻ ነው" እያለ የሚያማክር ሰው አታጪም።

አመልካቿ፦ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ገንዘብ የሌለው አርፎ ይቀመጥ። የድሃ ልጅ ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ አይመኝ። እርስዎ የቁጠባ ምክር እየሰጡኝ ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ትምህርት ነው።

መምህሩ፦ የተገላቢጦሽ ነው። ከከፋዩ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ትልቁ ስም ነው የሚደርሰው። ሃርቫርድ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ይህን ያየ የመርካቶ ወይም የደሴ ልጅ ገጹን ዘግቶ ርካሽ ኮሌጅ ይፈልጋል። ነገር ግን ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አመልካችን ሲመርጡ መክፈል መቻል አለመቻሉን አያዩም፤ ከተቀበሉት ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነውን እነሱ ይሞላሉ። ዳርትመዝና ቦውደንም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ አወጁ። እንደነዚህ ያሉት ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ መግባቱም እጅግ ከባድ ነው። ሆኖም በዓመት 20,000 ዶላር የሚጠይቅና ምንም የማይሰጥ ኮሌጅ ለዚያ ልጅ ከሃርቫርድ ይበልጥ ውድ ነው። ዋጋ ማለት የተለጠፈው ቁጥር ሳይሆን ከቤተሰቡ ኪስ የሚወጣው ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ በልኩ ያመለከተ እየመሰለው ከአቅሙ በላይ ያመለክታል።

ይኸ ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ያንቺ ነገር ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ ማስተርስ በአብዛኛው የሚሸጥ ትምህርት ነው፤ ፒኤችዲ ግን በአብዛኛው የሚከፈልበት ሥራ ነው። የዶክትሬት ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስተምራል ወይም በፕሮፌሰሩ ምርምር ላይ ይሠራል፤ አሲስታንትሺፕ የሚባለው ይህ ነው፤ በምትኩ ክፍያው ይነሳለታል፣ ወርኃዊ ገንዘብም ያገኛል። ለዚህ ደግሞ በብዙ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። እኛ ግን በአገራችን ደረጃው አንድ በአንድ ስለሚወጣ "መጀመሪያ ማስተርስ" እንላለን፤ የሚከፈልበትን ትተን የሚሸጠውን እንጠይቃለን። በቅርቡ ነገሩ ጠበብ ብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ የምርምር በጀት ሲነካ አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች የሚቀበሉትን ቁጥር ቀንሰዋል። ቢሆንም ከማስተርሱ ይልቅ በሩ እዚያ ይሰፋል።

አመልካቿ፦ አምስት ዓመት ተምሮ ዶክተር መሆን የማይፈልግስ? ማስተርስ ብቻ የሚበቃው ሰው የለም?

መምህሩ፦ ሞልቷል። ለእሱ ደግሞ ከፋዮቹ በስም የታወቁ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኤራስመስ ሙንዱስ ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገር ይማራል። የጀርመኑ ዳድ ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች የሚሰጠው ዕድል አለ፤ በአብዛኛው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪሽም ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሺ ወደ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት እንድትቆዪ ያስፈርማል። የአሜሪካው ፉልብራይትም የመመለስ ግዴታ አለው። ይኸም ዋጋ ነው፤ በገንዘብ ስላልተጻፈ ብቻ ሳይነበብ አይፈረምም።

ቀኖቹን ደግሞ ተመልከቺ። ቺቭኒንግ በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። የኤራስመስ ሙንዱሶቹ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ የአሜሪካ ፒኤችዲ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ። ገንዘቡ ያለው ቀድሞ ይዘጋል ማለት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ክፍት ሆኖ የምታገኚው በአብዛኛው ለከፋይ ተማሪ የቀረው ቦታ ነው። የእኛ ሰው የሚነቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጋቢት ነው። ቅበላ በቀላሉ ስለሚመጣለትም መንገዱ ትክክል ይመስለዋል።

አመልካቿ፦ አሁን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ይህን በቀላሉ የሚያልፉት አይመስለኝም። ከከፋዩ ልጀምር ካልኩ፣ ምን እንደምማር የሚወስነው ከፋዩ ነው። ዳድ ልማት ይላል፣ ሌላው አየር ንብረት ይላል፣ ሦስተኛው ሕዝብ ጤና። እኔ የፈለግሁት ሥነ ጽሑፍ ቢሆንስ? ፍልስፍና ቢሆንስ? የሌላ አገር መንግሥት ለእኛ ይበጃል ያለውን ዝርዝር ይዤ ፍላጎቴን በልኩ ልቁረጥ? ይህ እኮ በምኒልክና በራስ ተፈሪ ዘመን ከነበረው "አንተ ሐኪም፣ አንተ መሐንዲስ ሁን" ከሚለው በምን ይሻላል? ያኔ ቢያንስ መራጩ የራሳችን መንግሥት ነበር።

መምህሩ፦ ይህ ከጠየቅሽኝ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። የስኮላርሺፕ የትምህርት ዝርዝር ፖሊሲ ነው፤ የሰጪው አገር ጥቅምና ግምት ያለበት ፖሊሲ። ለአፍሪካዊ ውኃና ጤና፣ ለሌላው ፍልስፍና የሚል ድምፅ በውስጡ አለ፤ እኔንም ያናድደኛል። ሆኖም ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛ፣ በራስ ገንዘብ መሄድም ነጻ ምርጫ አይሰጥሽም። ቤተሰብ መሬት ሸጦ ወይም ተበድሮ የላከው ልጅ ፍልስፍና አይማርም፤ ዕዳውን ቶሎ የሚመልስለትን ነው የሚማረው። ከፋዩ አባት ሲሆን ዝርዝሩ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ሁለተኛ፣ ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና ከሌላው ዘርፍ ይልቅ የሚከፈልባቸው በዚያው ባልኩሽ የአሜሪካ ዶክትሬት ውስጥ ነው፤ ሀብታም በሆኑት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሰብአዊ ጥናት የዶክትሬት ተማሪ እንደ ኬሚስትሪው ይከፈለዋል፤ ቦታው ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍላጎትሽን አትቁረጪ፤ ግን ፍላጎትሽ የሚከፈልበትን ቦታ ፈልጊ።

አመልካቿ፦ የዶክትሬቱ ነገር ለጥቂቶች ነው፤ ለብዙኃኑ ያልኩት ይጸናል። ይህን ልተወውና ሌላ ላንሳ። ግማሽ ገንዘብ ይዘው ሄደው፣ እዚያ እየሠሩ ተምረው የጨረሱ ብዙ አሉ። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እነሱ እርስዎ እንዳሉት ቢያስቡ ኖሮ ዛሬም እዚህ ነበሩ።

መምህሩ፦ የተሳካለት ይናገራል፤ ያልተሳካለት ዝም ይላል፤ በየሰፈሩ የምንሰማው ለዚህ አንድ ወገን ነው። መሥራቱስ ቢሆን እንደየአገሩ ነው። ጀርመን ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ትፈቅዳለች፤ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ ከነዝግ ሒሳቡ ያገኘ፣ ቋንቋውንም የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ እየሠራ ሊጨርስ ይችላል፤ እዚያ ላይ እሺ እልሻለሁ። አሜሪካ ግን በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) ያለ ተማሪ በትምህርት ጊዜ በግቢው ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው እንዲሠራ የሚፈቀድለት፤ በዚያ ደመወዝ የሚከፈል የትምህርት ክፍያ የለም። ከዚያ ያለፈ ሥራ ያለ ፈቃድ ሕገ ወጥ ነው፤ ሲታወቅ ቪዛውም ትምህርቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላው ከኛ ብር የሚመጣው አደጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሁለት ዓመት ትምህርት በብር አስልቶ የጀመረ ቤተሰብ፣ ልጁ አንድም ኮርስ ሳይወድቅ፣ ሁለተኛው ዓመት በእጥፍ መጣበት። ግማሽ ገንዘብ ይዞ የሄደ ሰው የሚወራረደው በራሱ ጉብዝና ብቻ ሳይሆን በብሔራዊ ባንክ ውሳኔም ላይ ነው። ከፋዩ በዩሮ ወይም በዶላር የሚከፍል ሲሆን ግን ይህ ሁሉ የእሱ ጣጣ ነው።

አመልካቿ፦ ኤጀንቶቹስ? የእንግሊዙንና የካናዳውን ፕሮሰስ ያደረገልኝ ኤጀንት ነው። ብዙም አላስከፈለኝም።

መምህሩ፦ ለምን ብዙ እንዳላስከፈለሽ ጠይቀሻል? በእንግሊዝ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ብዙ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ከፋይ ተማሪ ላመጣ ኤጀንት ኮሚሽን ይከፍላል። በራሱ ነውር አይደለም፤ ንግድ ነው፤ ታማኝ ሆነው የሚሠሩም አሉ። ውጤቱን ግን ተመልከቺ፤ ቺቭኒንግ ለኤጀንት አይከፍልም፣ ዳድ አይከፍልም፣ አሲስታንትሺፕ የሚሰጥ የትምህርት ክፍልም አይከፍልም። ስለዚህ ኤጀንቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብልሽ ዝርዝር፣ ከፋይ ያለበት ዕድል አስቀድሞ የወጣለት ዝርዝር ነው። ማንም አልዋሸሽም፤ ግማሹን ነው ያሳዩሽ።

አመልካቿ፦ ግን እኮ ቺቭኒንግም ቢሆን የቅበላ ደብዳቤ ይጠይቃል! ሦስት የእንግሊዝ ትምህርት መርጠሽ አመልክቺ ይላል፤ እስከ ሐምሌ ድረስ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ቅበላ ካላቀረብሽ ዕድሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ይህ የናቁት ደብዳቤ በእሱም ዘንድ ያስፈልጋል። የእርስዎ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ አይሠራም።

መምህሩ፦ ጥሩ ያዝሽኝ። ሆኖም እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የሚመጣው የከፋዩ ማመልከቻ ነው፤ መስከረም ላይ ይገባል፤ ቅበላው እስከ ሐምሌ ጊዜ አለው። ደብዳቤው ከንቱ ነው አላልኩም፤ ከፋዩ ሲጠይቀው ነው ዋጋ የሚያወጣው። የእንግሊዙን ዩኒቨርሲቲ ቦታዬን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉልኝ ብለሽ ጻፊላቸው፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። የሥራ ልምድሽ 2,800 ሰዓት ሞልቶ እንደሆነ ቁጠሪ፤ ሞልቶ ከሆነ በዚያው ትምህርት ለቺቭኒንግ አመልክቺ። የካናዳውን ግን በዘመድ ገንዘብ አትክፈዪው።

አመልካቿ፦ አሜሪካ ለፒኤችዲ ላመልክት ብልስ፣ የማመልከቻ ክፍያው ብቻ በየዩኒቨርሲቲው ከ75 እስከ 100 ዶላር ነው። የዶላር ካርድ የለኝም። ይህስ በር ከፋይ አይፈልግም?

መምህሩ፦ ይፈልጋል፤ ግን አብዛኛው ጊዜ ከፋዩ እነሱ ናቸው። የትምህርት ክፍሉን የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ክፍያው እንዲነሳልሽ በጨዋነት ጠይቂ፤ የውጭ ምንዛሪ ችግሩን በሁለት መስመር አስረጂ። የሚከለክሉ አሉ፤ የሚፈቅዱም ብዙ ናቸው። ሳይጠይቁ ግን ማንም አያነሳም። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ቸኩለሽ አትፈተኚ፤ የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ትምህርትሽን በእንግሊዝኛ እንደተማርሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላል።

አመልካቿ፦ እንግዲያው በዚህ ወር የምሠራው ምንድን ነው? ሁሉም ነገር መስከረም መስከረም አሉኝ።

መምህሩ፦ በዚህ ወር የምትሄጂው ወደ ተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነው። የወጪ መጋራት ክፍያሽን ጨርሰሻል? ውሉን ስትፈርሚ ያልፈለግሽው ዕዳ ነው፤ ግን እሱ ሳይጠናቀቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲላክልሽ ማድረግ አይሆንም፤ ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ለሁሉም ከፋይ ያስፈልጋል። የሚከፈለው በብር ነው፣ አንድ ጊዜ ነው፣ ወረፋው ግን ክረምት ሲገባ ይረዝማል። የቀረሽን አስልተሽ ክፈዪ፣ ደረሰኙን ኮፒ አድርጊ፣ ከትራንስክሪፕቱም ሁለትና ሦስት የታሸገ ቅጂ አስወጪ። ለድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቂያቸውን መምህራንም እዚያው ግቢ ሳሉ አነጋግሪያቸው፤ ከሰኔ በኋላ አታገኚያቸውም።

አመልካቿ፦ የወጪ መጋራቱን አልጨረስኩም። ሰኞ እሄዳለሁ። ስለ ሥነ ጽሑፉ ያልኩትን ግን አልተውኩትም።

መምህሩ፦ አትተዪው። ለዶክትሬት ስታመለክቺ የዓላማ መግለጫ ይጠይቁሻል፤ እዚያ ላይ ጻፊላቸው።